ፋብሪካ ያስረጀው

ሱቄ ነታንያ ነው፤ በግራዬ ጎማ ቤት፣ በቀኜ መስታወት ቆራጭ፣
ከፊቴ ባሕሩ፣ ጨው በነፋስ እየላከ የብሎን አናት ዋጭ።
ኢታማር ጠዋት መጣ፣ ጊታሩን እንደ አራስ ታቅፎ፣ ድምፁን አለስልሶ፤
“አሥራ ስምንት ሺህ ሰቅል” አለኝ፤ “ያወጣል?
ወይስ ሻጩ አጎረሰኝ ውሸቱን በማር ለውሶ?”

ሣጥኑን ከፈትኩት። አቤት ቁስል!
ክንድ የሚያርፍበት ተልጦ እንጨቱ ወጥቷል እንደ አጥንት፣
ጀርባውን የቀበቶ ዘለበት ፍቆታል፣ የስንት ዓመት ጭፈራ፣ የስንት ሌሊት፤
ቀለሙ ውሃ እንደ ጠማው መሬት ተሰነጣጥቋል በቀጭን መስመር፤
ያየ ሰው ይምላል፣ ከመድረክ መድረክ ስልሳ ዓመት ሲንከራተት ነበር።

ሁለት ዓመቱ ነው።
ያቆሰለው ደሞዝተኛ ነው፣ በብርጭቆ ወረቀት፣ በአሲድ፣ በሞረድ፣
ከሁለት ሰዓት እስከ አሥር፣ ለምሳ አርፎ፣ እንደገና መደዳውን ሲወርድ።
ባለፈው ወር አንድ የአሽዶድ ልጅ ያመጣው ጊታር
እዚያው ላይ ነው የተፋቀው፤ አንድ ጠባሳ በሁለት ገላ፣
ሳይዛነፍ የጥፍር ጠርዝ የምታህል ነገር።

አባቴ ቢያድግልኝ ጎንደር ሳለ ብረት ቀጥቃጭ ነበር፤
ማረሻ ሊገዛ ለመጣ፣ “ዓይንህን አትመን” ይላል፣
“አንጠልጥለህ ምታው፤ ብረት አፍ አለው፣ ይናገር።”
ገበሬው ማረሻውን ይወስድና ማታ ቡዳ ይለዋል።
ያም የዋጋው አካል ነበር።

እኔም ጊታሩን አንጠልጥዬ መታሁት።
አንገቱን እንደ አነጣጣሪ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ አየሁ፤ አልጎበጠም፤
ከገላው በሚጋጠምበት ወረቀት ላስገባ ሞከርኩ፣ አልገባም፤
የፍሬቶቹን ጫፍ በመዳፌ ዳበስኩ፣ አልቧጠጠኝም፤
ክዳኑን በካቻቪቴ ፈትቼ ብየዳውን አየሁ፤ የቸኮለ እጅ አልነካውም።
ያለ ማጉያ አንድ ክር ነካሁ፤ ጎድኔ ድረስ ዘለቀ፤
ሦስተኛው ብቻ፣ መቀመጫው አጥንት ጠቦት፣
ስጠመዝዘው ሲጥ እያለ ተናነቀ።

“ስማ” አልኩት፤ “የሠራው እጅ እጅ ነው፤ አሥሩ ሺህ የእሱ ነው፣ ይገባዋል።
ስምንቱ የቁስሉ ነው። ሳይታመሙለት ቁስል ይገዛል?
እዚህ ባሕር ዳር ብትጫወተው ጨዉ በነጻ ያቆስልልሃል።”
ኢታማር ፈገግ አለ፤ “አዲሱንማ ገዝቼ ነበር” አለ፤
“እንዳይጫርብኝ ስሳሳ፣ ሳልነካው ዓመት ሞላ።”
ዝም አልኩ። ይህንን አላሰብኩትም ነበር ለካ።

በዚህ መሐል አባቴ ገባ፣ በእጁ ነጭ ፖስታ፤
ከቢቱዋህ ሌኡሚ ነው፤ “ገና ነህ” ይለዋል፣ ለሦስተኛ ጊዜ በተርታ።
ከአውሮፕላን የወረደ ዕለት ጸሐፊዋ ዕድሜውን ጠየቀች፤
“በአንበጣው ዓመት የወተት ጥርሴ ወለቀ” አላት፤
አስተርጓሚው ትከሻውን ሰበቀ፤
እሷም “ሠላሳ ሦስት፣ ጃንዋሪ አንድ” ብላ ጻፈች።
አሥራ ሁለት ዓመት ቀማችው፣ ቡናማ ጥፍሯን እያየች።
እናቱ ቢያድግልኝ ብላ ነበር፤
ወረቀቱ አላደገለትም።
ሰባ ሰባት ዓመቱ ነው፤ በወረቀት ስልሳ አምስት፤
ጡረታ የለም፤ ዛሬም የገበያ አዳራሽ ወለል ይወለውላል በየሌሊት።

ጊታሩን አየና የድልድዩን ብረት በጥፍሩ መታ፤
ጆሮውን አዘንብሎ ጠበቀ፣ ድምፁ እስኪሞት፣ ለአንድ አፍታ።
“ደህና ብረት ነው። ስንት ዓመቱ?”
“ሁለት። ስልሳ ያስመሰሉት ፋብሪካ ውስጥ ነው፣ በክፍያ።”
ቀስ ብሎ ደብዳቤውን ከጊታሩ ጎን ዘረጋው፣ እንደ ገበያ።
“አድራሻውን ጠይቂልኝ” አለ፤
“ይህቺን ወረቀት ቢያስረጁልኝ፣ እኔም እከፍላለሁ።”

ኢታማር አማርኛ አይሰማም። እኔን አየ።
አልተረጎምኩለትም።
አጥንቱን ሞረድኩ፣ ትንሽ፣ እንደገና ትንሽ፤ አቧራውን እፍ አልኩ።
ደረሰኙ ላይ ሰማንያ ሰቅል ጻፍኩ፤
“የተሠራበት ዓመት” የምትለዋን መስመር ዘለልኩ።
አባቴ ቁልፉን በሁለት ጣቱ ያዘ፣ ምስማር እንደሚያቀና፣
አዞረው።
ሦስተኛው ክር ወጣ፣ ሳይጮህ።