ሁለት ለአንድ

ልተነብይ መጣሁ፤ ሥራዬ ነውና፣
የአህጉር ምጣኔ፣ የንግድ ጎዳና።
ሻንጣዬ ሠንጠረዥ፣ ኪሴ ውስጥ መጠይቅ፣
ካንቹንጎ ገባሁኝ አቧራ ስሰነጥቅ።

ሚያዝያ ነበረ፤ ካሹ የሚወድቅበት፣
ሕፃን ሽማግሌው ዛፍ ሥር የሚያድርበት።
እንግዳ ፍሬ ነው፤ ዘሩን ከሆዱ ውስጥ መደበቅ ያልቻለ፣
ከእምብርቱ በታች፣ ውጭ አንጠልጥሎት፣ «ውሰዱልኝ» የሚል የመሰለ።

ሴጉንዳ አጎንብሳ አንዱን ጠመዘዘች፤
ሥጋውን ለጭማቂ፣ ዘሩን ለጆንያ ለየች።
«ስንት ትሸጫለሽ?» አልኩ፤ ልጇ ኦዴቴ አስተረጎመች፤
እናቲቱ ሳቀች።
«እኛ መች እንሸጣለን? እንለዋወጣለን እንጂ፤
ሁለት ኪሎ ካሹ ይሄዳል፣ አንድ ኪሎ ሩዝ ይመጣል ከደጅ።
አምና አንድ ለአንድ ነበር። ለምን እንዲህ እንደሆነ
ብራይማን ጠይቀው፤
ሚዛኑ የሱ ነው።»

ብራይማን ጠየቅኩት፤ በክንዱ ሚዛኑን ተደግፎ
(ክንዱም አብሮ ሳይመዘን አልቀረም)፣ ላቡን ከግንባሩ ገፎ፣
«እኔም የሰው ነኝ» አለ። «ቢሳው ላለው ሰው ባለዕዳ፤
እሱም ለወደቡ፣ ወደቡም ለማላውቀው የባሕር ማዶ እንግዳ።
ዋጋው ሌሊት በስልክ ይመጣል፤
ማን እንደሚደውል ማን ያውቃል?»

መርከቧም አንድ ነች፤
በሩዝ ሆዷ መጥታ፣ በካሹ ሆዷ ሄደች።
ከውቅያኖስ ማዶ ሌሎች እጆች ፈልፍለው፣
ጠብሰው፣ ጨው ነስንሰው፣ በቆርቆሮ አሽገው፣
እኔ ስመጣ አውሮፕላን ላይ ገዛሁት።
እፍኝ አይሞላም። የሴጉንዳን የሦስት ቀን ሩዝ ከፈልኩበት።

ማታ በሬዲዮ፣ ከዋና ከተማ፣
የአህጉሩ ትንበያ በፖርቱጋልኛ ተሰማ፤
አራት ነጥብ ስምንት።
ማስታወሻዬ ላይ «ዕድገት» ብዬ ጻፍኩኝ በችኮላ፤
በኩራዝ ብርሃን ሳነበው ግን፣ ቆይቼ ኋላ፣
«ዕዳ ገባት» ይላል።
ጽሕፈቴ መጥፎ ነው፤ ይሆናል።
ካሹን ወሰዱት፤ ግና መቼ ካሱን?
ይህን ለማን ልበለው? እዚህ አገር ሰሙን የሚያውቅ የለ ወርቁን፤
ብቻዬን አላምጬ፣ ብቻዬን ዋጥኩና ተኛሁ።

ኦዴቴ ግን በጠዋት መጥታ በሩን መታች፤
ጣሪያው ወደ ከዳው አሮጌ መጋዘን ወሰደችኝ፣ እየቀደመች።
ስድስት ሴቶች። ስድስት የእጅ መፈልፈያ። አንድ ምድጃ።
ጓንት ሁለት ጥንድ ብቻ፤ በተራ፣ እንደ ውኃ ወረፋ።
«ዚጊንሾር ገዢ አለን፤ የግማሽ ቀን መንገድ» አለች፤
«ለሊዝቦን አንድ ማኅተም፣ ለጎረቤት አራት» ብላ በጣቷ ቆጠረች።
«አራተኛው ሰውዬ ሁልጊዜ ምሳ ላይ ነው።»
አምና ሦስት ካርቶን ተሻገረ። ዘንድሮ አሥራ አንድ።
አንዱ ዝናብ መታው።

ከዚያ ወረቀቴን ባሻገር አይታ፣
«ያ አራት ነጥብ ስምንት፣ የሰማነው ማታ፣
እኛ የቱ ጋ ነን? ከነጥቡ በፊት? ወይስ ከነጥቡ ወዲያ?»
መጠይቄን ገለባበጥኩ፤ ለዚህ የለውም መሙያ።

መልስ ያጣ ሰው እጁ ሥራ ይፈልጋልና
«እስቲ እኔም ልሞክር» ብዬ አንዱን ዘር አነሣሁና
ያለ ጓንት ሰበርኩት።
ቅርፊቱ ዘይት አለው፤ ጥቁር፣ የሚለበልብ።
ሴቶቹ ሳቁብኝ፤ አንዷ ሮጣ አመድ አመጣች፤
ሌላዋ ፍሬውን ከመዳፌ አንሥታ «ይሄ ተሰብሯል፤ አይሸጥም» ብላ
አፌ ውስጥ ጨመረችው።

ከቢሳው ስነሣ አውራ ጣቴ ተልጦ ነበር።
«የመካከለኛ ጊዜ ዕይታ፦ ተስፋ ሰጪ» የሚለውን መሥመር
በግራ እጄ ጻፍኩት።
ተንጋደደ።
እንዲያው ተውኩት።