ቆጠራ

ኪሲሚ ወንዝ ዳር፣ ከሎሪዳ በላይ፣
ጧት ነው፤ ከጉሙ ጋር ሜዳ የወረደ ሰማይ።
አራት እንጨት ክፈፍ፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር፣
ጭቃው ላይ ጥዬ ጎንበስ አልኩ ልቆጥር።

ወይዘሮ ኦፓል ሄንድሪ ከአጥሯ ማዶ ቆማ
ታየኛለች፣ ዝም ብላ፣ በላስቲክ ጫማ።
«ምን አገኘህ ዛሬ?»
«ቄጠማ፣ ሦስት ዘለላ፤
አኻያ፣ ስንዝር ታህል፤ ስሙን ያልለየሁት ሌላ።»

አባቷ ነበሩ፣ ያኔ ቦዩ ሲቆፈር፣
ጠማማው ወንዝ ቀንቶ እንደ ክር ሲወጠር፣
«አሁን ሣር ይበቅላል» ብለው የፎከሩ፤
እውነትም በቀለ፤ ላሞቹ ወፈሩ።

ኋላ፣ ካርታ ይዞ ሌላ ሰው መጣና፣
መሐንዲስ ያቀናው ተጣመመ እንደገና።
ውኃው ሜዳ ወጣ።
ቁጥቋጦው ቆሞ ሞተ፣ ቅርፊቱ ነጣ።
የአባቷ ሣር ደግሞ ከሥሩ በሰበሰ፤
እሷ አላለቀሰችም፤
አጥሯ ግን ፈረሰ።

ታዲያ ይህን ቅጠለ ጦር፣ ይህን ሐምራዊ አበባ
ማን ዘራው?
ማንም።
ከኮርማ ኮቴ ሥር፣ አርባ ዓመት ያደባ
ዘር ነው፤ ውኃ እስኪያንኳኳ ድረስ የተኛ።
«የፈሰሰ አይታፈስም» እንል የለም እኛ?

ኦፓል አጎንብሳ አንዱን ቅጠል ዳሰሰች፤
«አባቴ አያውቀውም፤ አያቴ ግን ያውቀው ነበር» አለች።
ከዚያ፣ በክፈፉ ጥግ፣ ጠቆር ያለውን አይታ፦
«ያስ?»
«መጤ ሣር ነው። አንወደውም። ግማሹን ይዟል ቦታ።»
«በቅሏል አይደል? ጻፈው።»
ጻፍኩት።
ውኃው ቡትስ ጫማዬ ውስጥ ገባ።