ሁለት አምባር

የሦስት ቀን ሙዚቃ፣ ከተማው በሙሉ፤
«ቀንና ሌሊቱ ለየብቻው» አሉ።
ለፀሐዩ ቢጫ፣ ለጨለማው ጥቁር፣
ሁለቱን ያጣመረ ሦስተኛም ነበር፤
ዋጋው ግን ከቤት ኪራያችን ጋር
ትከሻ ለትከሻ ተካክሎ ቆመ።
አዜብ ቢጫ አጠለቀች። እኔ ጥቁር።

ልጅ ለወለደ ሰው ሙዚቃም ፈረቃ ነው፤
እንዳደግሁበት ሰፈር፣ እንደ ቧንቧው ውኃ፣
ለላይኛው ማክሰኞ፣ ለታችኛው ሐሙስ፣
ጀሪካን ደርድሮ ተራ መጠበቅ ነው።

ጎተንበርግ፣ ያርንቶሪየት፣ የብረት አደባባይ፤
ትራም ከትራም ጋር መቀስ በሚሠራበት፣
ልክ በአንድ ሰዓት ማታ፣ በኬክ ቤቱ ጥላ
ጋሪውን ከእጄ ወደ እጇ እገፋለሁ።
«በልታለች። አንድ ካልሲ ጥላለች። አትቀስቅሻት።
ምን ሰማሽ?»
«ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ አንዲት ቼሎ ተጫዋች፣
ገመዷ ተበጥሶ ‹ጧ› ሲል ሳቀች፤
ሕዝቡም ሳቀ፤ በሦስቱ ጨረሰች።»
ትራሙ ደወለ።
የሰባት ደቂቃ ትዳር።

ቀን ቀን ማራኪን ይዤ ከአጥሩ ውጭ ስዞር
የአዜብን ሙዚቃ በጎን እሰርቃለሁ፤
ግማሹን ንፋስ ይወስደዋል፣
የጎደለውን ልጅቱ ጋሪዋን በማንኪያ እየመታች
እንደመሰላት ትሞላዋለች።

የእኔ ሌሊት ወደብ ዳር ያለ መጋዘን ነው፤
ድሮ ዓሣ ነበረበት፤ ሕዝቡ ሲሞቀው
ዓሣው ተመልሶ ይሸታል።
ከበሮው ደረቴን አልፎ ጉልበቴን ይመታል፤
ከጎኔ ብርቱካንማ ቡሽ በጆሮው የወተፈ ሽማግሌ
ዐይኑን ጨፍኖ ይወዛወዛል።

ግን የቱ ነው ሌሊቱ?
እኛ ዘንድ አሥራ ሁለት ካለ፣ አለ ነው፤
ቀን ሱቁን ይዘጋል፣ ቁልፉን ኪሱ ይከታል።
እዚህ የሰኔ ፀሐይ
«በቃ ልሂድ» ብላ ተነሥታ
በር ላይ ቆማ ወሬ እንደምትጀምር እንግዳ
አራት ሰዓት ሞልቶም ደጁን አትለቅም።
ጨለማ የገዛሁት ሰውዬ
ጥላዬን መሬት ላይ ተጋድሞ አየሁት፤
ገንዘቤን መልሱልኝ ልል ምንም አልቀረኝ።

በሁለተኛው ቀን ጠዋት አዜብ አኮረፈች፤
«ስመ ጥሩው ሁሉ ለሌሊት ተቀመጠ፤
ለእኛ፣ ለጋሪና ለጡረተኛ የተረፈን
‹ሄሎ፣ ሄሎ፣ አንድ፣ ሁለት› ነው።»
«አንቺ ጣታቸውን ታያለሽ» አልኋት፣
«እኔ የማየው ጭስ ነው፤ ጭስና የሰው ጀርባ።»
ደረጃው ላይ የሰማችን ሼሽቲን፣
ፕሮግራሙን ያወጣችው የሦስተኛ ፎቅ ጎረቤታችን፣
እንቅልፍ ባጣ ፊቷ ፈገግ አለች፤
«አጭር ብርድ ልብስ ነው የሰጡኝ፤
ቀኑን ሳለብስ የሌሊቱ እግር ይበርደዋል።»
ወዲያው ስልኳ ጮኸ፤
የሆነ ሰው ጊታሩ በርሊን ቀርቶበታል።

የመጨረሻው ሌሊት፣ ዘጠኝ ተኩል ላይ፣
ጆሮዬ እንደ ንብ ቀፎ እየጮኸ ገባሁ።
ሰማዩ ነግቷል፤ ወይም አልመሸም ነበር።
አዜብ በረንዳው ላይ፣ ማራኪ ጭኗ ላይ፣
ሁለቱም ነቅተው ወደ አደባባዩ አዘንብለዋል።
«ዝም በል» አለችኝ።
መድረኩን እያፈረሱ ነው፤
አንዱ ብረት ይመታል፣ ሌላው ይቀበለዋል፤
ቧንቧ በቧንቧ ላይ ይወድቃል፣ ይንከባለላል፣
ከዚያ ረጅም ዝምታ፣ ከዚያ ደግሞ ጧ።
የቀን አይደለም፣ የሌሊትም አይደለም፤
አምባር የሚፈትሽ ዘበኛም የለም።

ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ።
«ቅኝቱ ምንድን ነው?» አልኋት በሹክሹክታ።
ቢጫ አንጓዋን ጥቁሩ አንጓዬ ላይ ጣል አድርጋ
«ገና አልገባኝም» አለች፣ «ቆይ።»
ማራኪ አጨበጨበች፣
ሰውየው መዶሻውን ገና ሳያነሣ።