ታወጣለች

ከአንገረብ ማዶ፣ ከቁልቁለቱ ሥር፣
ከቆርቆሮ ታዛ፣ ጭስ ከማይለየው በር፣
እናቴ ይመኙሻል አረቄ ታወጣለች፤
ዶሮ ሳይጮህ ተነሥታ እሳት ትቆሰቁሳለች።

ዳጉሳው ከደንቢያ፣ ጌሾው ከገበያ፣
መቃው ከአባቴ የቀረ ብቸኛ መታሰቢያ።
እርሱ ያንን መቃ ሰርስሮ ሰጣትና፣
ከጫፉ የሚንጠባጠበውን ጠጣና፣ ጠጣና፣
አንድ የሐምሌ ማታ፣
አንገረብ ሲሞላ፣ እርሱም ሞልቶ ሳለ፣
"እሻገራለሁ" አለ።

ይህን አልናገርም። ለቬይኮም አልነገርኩ።
አስተርጓሚ ነኝ እኔ፤ ሌላው ሲናገር ብቻ አፌን የከፈትኩ።

ቬይኮ የፊንላንድ ሰው፣ የጉድጓድ ውሃ አዋቂ፣
ረጅም፣ ቅንድበ ነጭ፣ ዝምታ አጥባቂ፣
በጭልጋ መንገድ ላይ ድንጋይ እያስበሳ፣
ሦስት ቃል ነው የሚያወጣ ከቁርስ እስከ ምሳ።
ውሉ አልቆ፣ ሊሄድ ሁለት ቀን ሲቀረው፣
"እናትህን ልያት" አለኝ፤ ምን ብዬ ልከልክለው?

ከቦርሳው አወጣ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልሎ፣
ዓመት ሙሉ ከካልሲ መሐል ደብቆ፣ ከልሎ።
ጥርት ያለ ነገር፤ ውሃ ነው ብላችሁ ትምሉ።
"ገብስ ነው" አለ፤ "የአገሬ።" ይኸው ነበር ጠቅላላ ቃሉ።

መለኪያው ሲደገም አፉን ጥቂት ፈታ፤
"እኛ ጋ" አለ፣ "ክረምቱ ሙሉውን ነው ማታ።
ሐይቁ ደንጊያ ሲሆን፣ ጎረቤት ሲርቅ፣
ይህ ነው ወሬያችን፤ ይህ ነው የእኛ እርቅ።
ቀልድ አለን ስለ እርሱ፤ ዘፈን አለን፤ ሕግ አለን፤
ድሮ መንግሥት ሲከለክል፣ ጫካ ገብተን አወጣን።
አባቴም" አለና —
ተወው።
ጠርሙሱን አነሣና ከኩራዙ ፊት አቆመው።

ሁሉንም ተረጎምኩ። "አባቴም" የሚለውን ቃል
ከጉሮሮዬ ሳወጣው፣ ድምፄ እንደ መቃ ተሰንጥቋል።

እናቴ ዝም ብላ ጣቷን ነከረችና
ወደ ምድጃው ረጨችው፤ እሳቱ ሰማያዊ ሆነና
ብልጭ አለ። "ደህና ነው።" ከምላሷ ጫፍ አስነካች፤
እርሷ እኮ ታውቃለች እንጂ፣ በዕድሜዋ አልጠጣች።
"ማናት ያወጣችው?" ብላ ጠየቀችው።
"ፋብሪካ ነው" አለ፤ "ማንም ሰው አይነካው።"
"ለዚህ ነዋ!" አለች፤ "ንጹሕ ነው፤ እንከን የለው።
ግን እጅ የለውም ልጄ፤
እጅ የለው።"

"እጅ" የሚለውን ስተረጉም ጊዜ ወሰደብኝ።
እርሱ ግን እጇን አየ፤ ከእኔ ቀድሞ ገባው መሰለኝ፤
በጭስ የጠቆረውን፣ በእንፋሎት የተላጠውን
እንደ ሰላምታ ያዘውና፣ አቀረቀረ ፊቱን።

የራሷን ቀዳችለት። ዳግም ነው፤ ሁለቴ የወጣ።
ሳለ፤ ዓይኑ አቀረረ፤ ደሙ ወደ ፊቱ መጣ።
ሳቀች እናቴ! ከስንት ዓመት ወዲህ
ጥርሷ ተገልጦ አላየሁም እንዲህ።

ተማሪ ሳለሁ፣ የደንብ ልብሴ አተላ አተላ ሲሸት፣
"የአረቄዋ ልጅ" ሲሉኝ፣ ዞሬ ነበር የምገባ ቤት።
አባቴን ያሰጠመው፣ እኔን ያሻገረኝ
ያው አንድ ጠብታ ነው። ማንን ልክሰስ? ማን ይዳኘኝ?

ቬይኮ ሄደ። ጠርሙሱ ባዶውን ቀረ ከመስኮቱ፤
አሁን ጋዝ ይቀመጥበታል፣ ለኩራዙ፣ ለመብራቱ።

ባለፈው ሰሞን ቀበሌ፣ ቅጽ ሊሞላልኝ
"የእናት ሥራ?" ብሎ አንዱ ሹም ጠየቀኝ።
"ትነግዳለች" ነበር ወትሮ የምለው፤
ዘንድሮ ግን ምላሴ እምቢ አለ፣ እኔ እንጃ ምን እንደነካው፤
"ታወጣለች" አልኩ።
"ምኑን?" አለ ሰውዬው፣ ብዕሩ ወረቀት ላይ ሲንጠረጠር፤
ቀና ብሎ አየኝ።
ከፊቱ ቆሜ ነበር።