ጣት የማትሞላ ክፍተት

ክፍል ቀጠልኩለት፣ ከአሮጌው ቤት ጀርባ፣
አራት በሦስት ሜትር፣ ፀሐይ እንዲገባ
መስኮቱን አስፍቼ፤
በብድር ብሎኬት፣ በጥድፊያ ሲሚንቶ፣ በአንድ ወር ሠርቼ።
ጣሪያው ዝርግ ቆርቆሮ፣ እንደ ትሪ የተኛ፤
(ተዳፋቱን የቀነስኩት ቆርቆሮ ውድ ሆኖ ነው፤ እኔም ደሞዘኛ።)

አባቴ ግንበኛ ነው፤
የጀጎልን ግድግዳ፣ ድንጋዩን በጭቃ፣ ሲጠግን የኖረ።
ጉልበቱ ከዳውና ደረጃ ሲከብደው
ከፎቁ አወረድኩት፤ እኔ በሠራሁት ክፍል በጥቅምት አደረ።

ኅዳር መጣ።
ከሀኪም ተራራ የሚወርደው ንፋስ በር አያንኳኳ፤
ገብቶ ከአልጋው ግርጌ ጋደም ይላል እንጂ፣ ዕቃም አይነካ።
«በረደህ ወይ አባ?» «ኧረ ልጄ፣ ተወኝ።»
ካፖርቱን ደራርቦ ነው እንዲህ የሚለኝ፤
ካልሲው ድርብ ድርብ፣ ኮፊያው እስከ ጆሮ፣
ከበላዩ ደግሞ ሌሊቱን ሙሉ ብርድ የሚጠባ ቆርቆሮ።

በአሮጌው ቤት ውስጥ፣ ከግድግዳው ማዶ፣
ድንጋዩ የቀኑን ፀሐይ፣ ልክ እንደ አደራ፣
እስኪነጋ ድረስ ቀስ እያለ ይመልሳል።
የእኔ ብሎኬት ግን፣ ገና ሲመሽ፣ ከእኛው ጋራ
አብሮን ይንቀጠቀጣል።

ቅዳሜ ሥራ ጀመርኩ፤ የማዳበሪያ ከረጢት
ቀድጄ፣ ሰፍቼ፣ ኮርኒስ ወጠርኩበት።
ከላዩ ገለባ፤ ከገለባው በላይ የአሮጌ ፍራሽ ጥጥ፤
ከዚያ ደግሞ ካርቶን፣ የፓስታ፣ የሳሙና፤
«ይህ ጎን ወደ ላይ» የሚለውን ቀስት ዘቅዝቄ ሰካሁና፣
በበሩ ሥር አሸዋ የሞላሁት የሱሪ እግር አጋደምኩ፤
«አሁን ይግባ እስቲ!» ብዬም ፎከርኩ።

ገባ።

ነጂባ፣ ልጄ፣ ሻማ ያዘች። አምፖሉን አጠፋን።
«ቀስ በይ፤ አትተንፍሺ።»
በበሩ ስታልፍ ነበልባሉ ዝም፤
በመስኮቱ ዘንድ ትንሽ ሰገደ፤ ስቱኮ መረግኩበት።
አዲሱ ግድግዳ ከአሮጌው ጋር በሚገናኝበት፣
ከአባቴ ራስጌ፣
ነበልባሉ ተኛ።

ጣት የማትሞላ ክፍተት፣ ከጣሪያ እስከ ወለል።
ሁለቱ ግድግዳዎች ለካ ጎን ለጎን ቆመዋል እንጂ
አልተጨባበጡም።
ሚስማር ሰድጄ ብጎረጉር ወጣ
የመድኃኒት ካርቶን፣ አራት የታጠፈ፤
የቀን መቁጠሪያ ቅጠል፣ ጥቅምት ሃያ ሁለት፣ ጥቅምት ሃያ ሦስት፣
በምራቅ የራሰ፣ እንደ ጭቃ የተለሰነ፣
በቱምቢ የተለካ ይመስል ቀጥ ያለ።
ደግሞም ተኝቶ ክንዱ እስከሚደርስበት ብቻ ነው፤
ከዚያ በላይ ባዶ።

ዞር ስል አባቴ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።
«መቼ ነው ያወቅከው?»
«የገባሁ ዕለት ማታ።»
«ታዲያ ምነው ዝምታ?»
«የሰው ግንብ አልነቅፍም፤ የልጄን ደግሞ…» አለና
ኮፊያውን ወደ ዓይኑ ሳበው።

እሁድ ጭቃ አቦካን፣ ጭድ እየነሰነስን፤ ነጂባ ረገጠችው።
ሲሚንቶ ላምጣ ብል «ተው!» አለኝ፤ «ድንጋይና ብሎኬት ገና አልተላመዱም፤
ሲሚንቶ ቁጡ ነው፣ ይሰነጠቃል፤ ጭቃ ግን ይታገሣል።»
ወንበር ላይ ተቀምጦ አዘዘን፤ «ጠቅጥቀው፤ አሁንም ጠቅጥቀው»፤
የመጨረሻዋን እፍኝ ከእጄ ነጥቆ በአውራ ጣቱ ለሰናት።
«ያቺን የላይኛዋን ቀዳዳ ግን አትድፈናት።
ቤትም ይተነፍሳል፤ አፉን ብትይዘው
ቆርቆሮው በሌሊት ላቡን እላያችን ያንጠባጥበዋል።»

ማታ ሻማው ቆመ፣
የተገለበጠ የቱምቢ ክር መስሎ።
አባቴ ካፖርቱን አውልቆ «ስቀይው» አላት ነጂባን።
ቀለም ስቀባ የአውራ ጣቱን ዱካ ዘለልኩት።

ኮርኒሱ በግራ በኩል ሆዱን ነፍቷል፤
ገለባው በዝቶበት።
እሱ ጋደም ብሎ በየምሽቱ ያየዋል፤ ትንፍሽ አይልም።
ትናንት አላስቻለኝም፤
ጣቴን ወደ ላይ ቀስሬ «በል ተናገር» አልኩት።

ሳቀ።