አሥራ ሦስት የጎደለው ብረት

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ውሃ የማይደርስበት፣
ከመስኮቴ ሥር የደግፌ ብየዳ ቤት።
እሱ በር ይሠራል፣ ፍርግርግ፣ የደረጃ መደገፊያ፣
ለባለቤት መግቢያ፣ ለሌባ መከልከያ።
እኔ ሠንጠረዥ እሞላለሁ፤
በሚሊዮን ዲግሪ ግለት ብረት ሲዘረፍ
በሰከንድ ስንቴ እንደሆነ እቆጥራለሁ።

መብራት ሲኖር ሁለታችንም እንሠራለን፤
መብራት ሲሄድ
ሁሉም ደረጃው ላይ ይቀመጣል።

ያን ምሽት ነው ቢፍቱ የጠየቀችኝ፣
የደግፌ ተለማማጅ፣ እጇን ፍንጣሪ የነቀሰው፦
«ሌሊቱን ሙሉ ምን ትጽፊያለሽ?
የክስ ማመልከቻ ነው? ማንን ትከሺያለሽ?»

«ብረት ነው» አልኳት። «ያንቺው ብረት።
ፀሐይ አክሊል ላይ ተንኖ የሚንሳፈፍ፣
ሃያ ስድስት ኤሌክትሮን ይዞ የተወለደ ቤተሰብ።
አንድ መንገደኛ ይመጣል፣ እሱም ኤሌክትሮን፣
ከሩጫው በቀር ንብረት የሌለው።
ቀርፋፋ ከሆነ አንኳኩቶ፣ አስደንግጦ ያልፋል፤
የደነገጠው ብድግ ይላል፣
ብርሃን ተንፍሶ ተመልሶ ይቀመጣል።
ሩጫው ከመልቀቂያው ዋጋ ከበለጠ ግን
ብቻውን መጥቶ ሁለት ሆኖ ይሄዳል።»

«ሌባ ነዋ!»
«ሌባስ የሰረቀውን ይጠቀምበታል።
ይኼ የሰረቀውን መንገደኛ ያደርገዋል፤
እሱም በተራው የሌላ ቤት ያንኳኳል።»

ነገሩ ጥሞኝ ቀጠልኩ፦
«በጣም የፈጠነውም ብዙ አይጎዳ፤
ከቱሉ ዲምቱ እንደሚወነጨፍ የአዳማ መኪና
መንደሩን ሳያየው ያልፋል።
የሚያፈርስ መካከለኛው ነው፣
ለመስበር የፈጠነ፣
ለማየት የዘገየ።»

ቢፍቱ ዝም አለች።
ከብሎኮቹ ጀርባ፣ መረሬው ላይ፣
አንዲት የሽምብራ ማሳ ቀርታለች፤
እሷን እያየች፦
«እኛም ቤት እንዲህ ነበር።
መጀመሪያ የወጣው ታላቅ ወንድሜ ነው፤
አንድ ደላላ፣ ሁለት ቃል፣ በቃው።
ቀጥሎ አክስቴ፣ በካሳው ብር ወደ ዱከም።
ከዚያ ወዲያ ግን እያንዳንዱ ሰው ከበደ፤
አንድ በጎደለ ቁጥር
የቀረነው ተጠጋጋን፣ አንድ መደብ ላይ አደርን።
በመጨረሻ ለአያቴ ግሬደር መጣ።
እሳቸው ንቅንቅ አላሉም።
ድንጋጤው የመታው እናቴን ነው፤
የወጣሁት እኔ።»

ወረቀቴን ወደ ጨረቃው አዘነበልኩ።
እዚያ፣ ሰባተኛው ረድፍ ላይ፣ ተጽፎ ነበር፦
ምቱ ከውስጥ ያለውን ያስዘልለዋል፤
እሱ ወደ ቦታው ሲመለስ
ዳር የተቀመጠው ይፈናቀላል።
ይህችን ለማስላት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

«የወጣው አይመለስም?»
«ይመለሳል አንዳንዱ። ሩጫው ሲደክመው
ያገኘው ብረት ያስጠጋዋል፤
የቤት ኪራዩን በብርሃን ይከፍላል።
የገባው የቀድሞው ይሁን ሌላ
እኛ አንለይም። ሁሉም አንድ ናቸው።»

«እኔ እለያለሁ» አለች ቢፍቱ።

አልመለስኩላትም። ሌላ ነገር አወራሁ፦
አሥራ ሦስቱን፣ ልክ ግማሹን ያጣ ብረት
አረንጓዴ ያበራል።
ድሮ በግርዶሽ ቀን ያዩት ሊቃውንት
ዘመድ የሌለው፣ አዲስ ፍጥረት መስሏቸው
ስም አወጡለት።
ዘመን ቆይቶ ነው የታወቀው።
ብረት ነበር። ጎድሎበት እንጂ
ብረት ነበር።

ድንገት መብራት መጣ፤ ሕንፃው በልጆች ጩኸት ተናወጠ።
ቢፍቱ ጭንብሏን ደፋች፣ ኤሌክትሮዷን አጠበቀች፣
የጀመረችው በር ለብሎክ ሦስት መቶ አርባ ነው፤
የአያቷ ማሳ የነበረበት።
«አትመልከቺ!» ጮኸችብኝ ከታች።

አየሁ።
ብልጭታው ጠፍቶ፣ ደረጃውን ወጥቼ፣ ቁልፌን ፈልጌ፣
ሠንጠረዡን እስክገልጥ ድረስ
አንዲት አረንጓዴ ነጥብ
የማነበው ቁጥር ሁሉ ላይ ቀድማኝ ትቀመጥ ነበር።