1881

ሜልቪል ላይ በረዶው በሩን ሲዘጋ ማልዶ፣
ኦረስት ሂንቹክ ምድር ቤቱ ወርዶ፣
ሞርሳውን ጠምዝዞ፣ ናሱን አስነክሶ፣
ሞረዱ ይሄዳል፣ ይመጣል ተመልሶ።

ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፣
ናስ ሲይዝ ግን ይረጋል፣ ነገሩ ይገርማል።
እኔ ጎረቤት ነኝ። አካፋ ልመልስ
መጥቼ አንድ ቅዳሜ፣ ቀረሁ እስኪመሽ ድረስ፤
«መብራት ያዢልኝ» አለኝ፣ ሳያይ እንኳ ፊቴን፣
ከዚያ ቀን ጀምሮ አልጣልኩም ባትሪዬን።

የፋብሪካው ሥሪት ከካርቶኑ ሲወጣ
እንከን አልነበረው፣ አንድ ቡሎን ያልታጣ፤
ኦረስት አገላብጦ አየውና ሳቀ፦
«ይሄ ናፍጣ ባቡር መቼ ሥራ አወቀ?»
«ሻንሲው ሁለት ሚሊ ረዝሟል» ብሎ ጣለው፣
እንደ ዶሮ ብልት ገነጣጥሎ አኖረው።

ከዚያ ናስ ቆረጠ፣ ይዞ ትንፋሹን፣
በጸጉር መጋዙ ተከትሎ መስመሩን፤
ሁለት ጎን፣ አራት አግዳሚ፣ በስታኞ አያይዞ፣
ከቬርና መስታወት ላይ አቆመው ተክዞ።
(የሟች ሚስቱ ነበር፤ ጠፍጣፋ፣ ያልጎበጠ፤
«ለሻንሲ ዳኛ የለም ከዚህ የበለጠ።»)
ሰባት እግሩ ረግጦ፣
ስምንተኛው ቀረ አየር ላይ ተቀምጦ፤
በሥሩ ወረቀት ያልፋል። ይሄ ምን ይባላል?
እኔ ብሆን በተውኩት። ወረቀት ማን ያያል?
እሱ ግን አጋለው፤ ስታኞው ቀለጠ፣
የሦስት ሳምንት ሥራ ባንዴ ተገለበጠ።
ሰማንያ ሰባት ጊዜ ባነሰች ዓለም ውስጥ
ግማሽ ሚሊ ገደል ነው፣ ባቡር የሚውጥ።

ሦስቴ ሠራው። ሦስት።
በአራተኛው ቆመ።

የዝርዝሩ ጣጣ ከዚያ ተራው ደረሰ፤
ከሌላ ባቡር ተነቅሎ የመጣ፣ የተዋሰ
በር አለው፣ ቀለሙ ካካሉ የማይገጥም፣
አሸዋ ሣጥኑ ላይ አንድ ቡሎን የለም፤
ያንን የሌለውን ቡሎን ለመሥራት
ፈጀ አንድ ከሰዓት።
ሁሉን ያውቀዋል፤ ሃያ ስድስት ዓመት
ነድቶታል፣ ስንዴ ጭኖ፣ በውርጭ ሌሊት።

አንድ ነገር ቀረ፦ የደረጃው መደገፊያ፣
በሰማንያ ሁለት ጥር፣ ከሐዲድ መቀየሪያ
ምሰሶ ተላትሞ፣ ብረቱ የታጠፈ፤
ሜርቭ ዳልግሊሽ ዘሎ ለጥቂት የተረፈ።
ኦረስት ይህን ታሪክ አርባ ዓመት አወራ፣
ባወራ ቁጥርም በግራ ነው፣ በግራ።
ሽቦ በፒንሳ አጥፎ፣ እጁን አደላድሎ፣
በግራ ለጠፈው፣ «አበቃን!» ብሎ።

ከሜርቭ ልጅ ከኮሪን ፖስታ ደረሰ ማክሰኞ፣
ገና ሳይበርድ ስታኞ፤
ፎቶ ነው፤ ባቡሩ፣ በረዶ፣ ጭጋግ፣ ጢስ፣
ሜርቭም ከፊቱ፣ ኮፍያው እስከ ቅንድቡ ድረስ፣
የታጠፈውም ብረት፣
          በቀኝ።

ዝም አለ ኦረስት። ማጉያውን አነሳ፣
የቀዳውን ሻይ ከነስኳሩ ረሳ።
«ፊልሙ ተገልብጦ ታትሞ ቢሆንስ?» አልኩት።
«ቁጥሩ ይናገራል» አለ። ጠበቅኩት።
አንድ፣ ስምንት፣ ስምንት፣ አንድ። ከቀኝም ከግራ
ያው ነው፤ «ተገለበጥኩ» ብሎ የማያወራ፤
ለከሳሽ፣ ለተከሳሽ እኩል የሚምል
ምስክር ተጠርቶ፣ ዳኛው ምን ይበል?
ሜርቭ እንደሆነ ሞቷል። ባቡሩም ቀልጧል፤
ምናልባት አሁን የሰው ማቀዝቀዣ ሆኗል።

ሳምንት ሙሉ ፒንሳው አልተነካም።
በስምንተኛው ቀን ግድግዳዬን አንኳኳ።

ሐዲዱ የሚያልቅበት፣ ከጥጉ ግድግዳ፣
የቬርናን መስታወት አቁሞታል እንደ እንግዳ።
ማብሪያውን ተጫነ፤ ባቡሩ ተነሳ፣
ከወዲያ ሌላ መጣ፣ በዚያው ልክ፣ በዚያው ግሳ፤
የዚህኛው ብረት በግራ ጎብጧል፣
የዚያኛው በቀኝ። ቁጥሩ? አንድ ሆኗል።
ጣት ያህል ሲቀራቸው ሁለቱም ቆሙ።
«የቱ ነው?» አልኩት።
«እንጃ» አለኝ። ጎንበስ ብሎ አየ፣ ደግሞ አየ።
«ደወሉ ግን» አለ፣ «ግማሽ ሚሊ ከፍ ብሏል።»
ሞረዱን አነሳ።
እኔም ባትሪዬን አበራሁ።